ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ድካም፦ ለኤግዚቢሽን ማዕከሉ የሥራ አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማዕከሉ የሥራ አመራር አባላት
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፤

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድንጽፍ ያደረገን ባለፈው ነሐሴ ወር ያወጣችሁት የውስጥ መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት ከእንግዲህ ኤግዚቢሽን ሲዘጋ ለንብረት ክፍል ሊተላለፍ የሚችል ዕቃ ለማይተው ሥራ የሥራ ዋጋ አይከፈልም፤ የቁሳቁስ ወጪ ብቻ ደረሰኝ እየታየ ይተካል፤ በሥራው ላይ የተሳተፉ ሰዎችም እንደ በጎ ፈቃደኛ ይቆጠራሉ። መመሪያው የእኛን ስም አይጠራም። ሆኖም የወጣው በግቢያችሁ ያቀረብነው ሥራ ክፍያ ካጨቃጨቀን በኋላ ስለሆነ፣ ደግሞም በዚህ ከተማ ፐርፎርማንስንና (በሰው አካልና ድርጊት የሚቀርብ ጥበብን) ኢንስታሌሽንን (በአንድ ቦታ ላይ ተደራጅቶ የሚቀርብ ጥበብን) አጣምሮ የሚሠራውን ሰው ሁሉ የሚነካ ስለሆነ፣ በየቢሮው እየተዘዋወርን በቃል ያስረዳነውን አሁን በጽሑፍ እናቀርባለን። የማዕከሉን ስም ያልጠቀስነው ተመሳሳይ አሠራር በሌሎችም ቤቶች እንዳለ ስለምናውቅ ነው፤ እናንተ ግን ጉዳዩ የማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

በፋይላችሁ ውስጥ ያለው መግለጫ «የጭቃ ግድግዳ፣ ብዛት 1» ከማለት ስለማያልፍ ሥራው ምን እንደነበረ በመጀመሪያ መግለጽ ያስፈልጋል። ሥራው በግንቦት ተጀምሮ በመስከረም እንዲያበቃ የታቀደ ነበር። ከግቢው ታችኛው ጥግ የተቆፈረ ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ባሬላ የያዙ ሰዎች ጭቃውን ወደ ላይኛው ጥግ ያመላልሳሉ፤ እዚያ የቆሙት ደግሞ በእጃቸው እየደረቡ ግድግዳ ያነሣሉ። ግድግዳው ጣሪያ የለውም፣ ኖራም ሲሚንቶም አልነካውም። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ማታ የታጠበውን ጠዋት መልሶ መለጠፍ፣ ሐምሌ ሲጠና ደግሞ የሰው እጅ ከዝናቡ እኩል መሄድ ሲያቅተው ተመልካች እንዲያይ ማድረግ፣ በመጨረሻም ግድግዳው ወደ አፈርነቱ ሲመለስ ቦታውን ጠርጎ መሄድ፣ ሥራው ይህ ሁሉ ነበር።

የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በመካከሉ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ነበረው። ስምንቱን ሰዓት የወሰድነው መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ከሚደነግገው ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ተሳታፊዎቹ ሲገቡና ሲወጡ በተመልካች ፊት በሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ ይፈርማሉ፤ የተፈረመው ቅጽ በላስቲክ ተሸፍኖ ከግድግዳው አጠገብ በተወጠረ ሽቦ ላይ ይሰቀላል። ግድግዳው እያነሰ ሲሄድ የፊርማው ቅጽ እየበዛ እንዲሄድ የታሰበ ነበር። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ የስብስባችን አባላት ሲሆኑ፣ የቀሩት በሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት የሚተዳደሩ ሴቶችና ወንዶች ነበሩ። ባሬላ እንዴት እንደሚያዝ፣ የፊተኛው ሰው ሲዞር የኋለኛው ስንት እርምጃ መታገሥ እንዳለበት፣ ሸክም ሲወርድ ወገብ ሳይሆን ጉልበት መታጠፍ እንዳለበት ያስተማሩን እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ክፍያውን ይመለከታል። በውላችን ላይ የሥራ ዋጋ ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ገንዘብ አለ። ክፍያውን ስንጠይቅ የፋይናንስ ክፍሉ ሞዴል 19፣ ማለትም ዕቃ ለንብረት ክፍል ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ደረሰኝ፣ አምጡ አለን፤ የንብረት ክፍሉ በበኩሉ ገቢ የሚያደርገው ዕቃ ሳያይ ሞዴል 19 እንደማይቆርጥ ነገረን። ጭቃ ገቢ እንደማይደረግ የታወቀ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ባልደረባችሁ፣ በቅንነት እንዳደረጉት አንጠራጠርም፣ መላ አገኙ፤ አካፋዎቻችን፣ ባልዲዎቻችንና ባሬላዎቻችን የሥነ ጥበብ ሥራ ተብለው ገቢ ሆኑ። ዛሬ ከባሬላዎቹ አንዷ፣ ከብዙ እጅ ላብ የተነሣ የለሰለሰው እጀታዋ ላይ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ወረቀት ተለጥፎባት በግምጃ ቤታችሁ ቆማለች። የተከፈለንም የመሣሪያዎቹ የገበያ ዋጋ ብቻ ነው። ስለ ቀን ሠራተኛ ድካም በተሠራ ሥራ ላይ አካፋው ተከፍሎለት አካፋውን የያዘው ሰው ሳይከፈለው መቅረቱን ፈልገን ብናቀነባብረው ኖሮ እንዲህ አይሳካልንም ነበር።

ሕጉ ስላስገደደን ነው ብላችሁናል። በእኛ ንባብ ሕጉ እንዲህ አያስገድድም። የአገራችን የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ዕቃን፣ የግንባታ ሥራን፣ የምክር አገልግሎትንና ሌሎች አገልግሎቶችን ለየብቻ ያውቃቸዋል። ማዕከሉ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ በመክፈቻ ዕለት ለሚመጣው የሙዚቃ ባንድና ለድምፅ ባለሙያው በየጊዜው ይከፍላል። ሲጠብቅ ያደረውን ዘበኛ ሌሊቱን ለንብረት ክፍል አስረክበህ ሞዴል 19 አምጣ ያለው የለም። የሚፈለገው አገልግሎቱ በውሉ መሠረት መሰጠቱን የሚመለከተው የሥራ ክፍል በፊርማው ማረጋገጡ ነው፤ እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። ሥራችንን በዕቃ ግዥ ሥር የመደበው ሥነ ጥበብ ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይም መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው የሚል የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን ደግሞ መመሪያችሁ አሁን ሕግ አደረገው።

በአንድ ስብሰባ ላይ ለሚፈርስ ነገር በጀት መያዝ ለኦዲት እንደማይመች ተነግሮናል። ሃይማኖታዊ ሥርዓትን ከእኛ ሥራ ጋር ለማስተካከል አይደለም እንጂ፣ ይህች ከተማ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ሊነድ የሚደመርን ደመራ የምታውቅ ከተማ ናት፤ እንጨቱን ጭኖ ያመጣውን ሰው ሒሳብህን ከመክፈሌ በፊት አመዱን ገቢ አድርግ ያለ ሒሳብ ሹም እስካሁን አልሰማንም።

በሌሎች አገሮች ያሉ ትልልቅ ሙዚየሞችም ይህን ጥያቄ ከመለሱት ቆይተዋል። የለንደኑ ቴት እ.ኤ.አ. በ2005 የስሎቫኪያዊውን ሠዓሊ የሮማን ኦንዳክን ሥራ ለስብስቡ አስገብቷል፤ ሥራው ሰዎች ሆን ብለው የሚሠሩት ሰልፍ ነው፤ ሰልፉ የሚያመራበት ነገር የለም፣ ሰዎቹ ሲበተኑም የሚቀር ዕቃ የለም። (ማታ ማታ በታክሲ ሰልፍ የምትንገላቱ አንባቢዎች ፈገግ ብትሉ አይፈረድባችሁም።) ሙዚየሙ የያዘው ሥራው እንዴት እንደሚከናወን የሚገልጸውን መመሪያና በዚያ መሠረት ደግሞ የማቅረብን መብት ነው። በኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የአርቲስት ቲኖ ሴጋልን አንድ ሥራ ገዝቷል፤ ሴጋል ሥራው እንዲቀረጽም ሆነ ሽያጩ በጽሑፍ እንዲሰፍር ስለማይፈቅድ ግዥው የሚፈጸመው በቃል ነው። እኛ ያን ያህል አልጠየቅናችሁም። እኛ ውላችንን በወረቀት አድርገን፣ ማኅተም አስመትተን፣ የቴምብር ቀረጥ ከፍለን የመጣን ሰዎች ነን።

ሁለተኛው ቅሬታችን ጊዜውን ይመለከታል። ክፍያው በዕቃ ካልሆነ በትዕይንት ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በመርሕ ደረጃ ተስማማን። በቀረበልን ሰነድ ላይ ግን የትዕይንቱ ርዝመት 30 ደቂቃ ተብሎ ተሞልቷል። ከየት እንደመጣ ስንጠይቅ፣ በመክፈቻው ዕለት የክብር እንግዶች ቆመው የተመለከቱት ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ ነው ተባልን። እንግዶቹ ወደ አዳራሹ ገብተው ሻይ ሲጠጡ ባሬላዎቹ አልቆሙም ነበር፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ሳምንታት አልቆሙም።

ይህን ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው ጊዜ ማለት ለሠዓሊ ቀለም፣ ለቀራፂ ድንጋይ ማለት ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን። ታይዋን ተወልዶ በኒው ዮርክ የኖረው አርቲስት ቴቺንግ ሼ ከኤፕሪል 11 ቀን 1980 እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ መግቢያና መውጫውን የሚያስመዘግብበትን የሰዓት ማሽን በክፍሉ ውስጥ ተክሎ፣ ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ ካርድ ይመታ ነበር። ከ8,760 ሰዓታት ውስጥ 133ቱ አምልጠውታል፤ አብዛኞቹ ያመለጡት እንቅልፍ ጥሎት ነው። ያመለጡትን ሰዓታት አልደበቃቸውም፤ ከነምክንያታቸው ተመዝግበው የሥራው አካል ሆኑ። ካርድ በመታ ቁጥር በፊልም ካሜራ አንዲት ምስል ይወስድ ስለነበር ዓመቱ ተጨምቆ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ወጥቶታል፤ ሲጀምር የተላጨው ፀጉር በዚያች ፊልም ላይ እያደገ ትከሻው ላይ ሲወርድ ይታያል። ካርዶቹ፣ ማሽኑና የደንብ ልብሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን በታይዋን ማሳያ ለእይታ ቀርበዋል። ፊልሙ ስድስት ደቂቃ ስለሆነ ሥራው የስድስት ደቂቃ ነው ያለ ሰው ግን አላጋጠመንም። በእናንተ ስሌት ቢኬድ የዚያ ሰው ዓመት እንግዳ ቆሞ ባየው ልክ ሊከፈልበት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ነው። ሐምሌ ገና በጀመረ ሰሞን፣ እንግዶች ሊጎበኙ ነው፣ ጭቃውም የመግቢያውን ንጣፍ አበላሽቷል በሚል ምክንያት፣ እኛ ሳንጠራ ግድግዳው በዶማ ፈርሶ በመኪና ተጭኖ ወጣ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ሥራውን እንዲሠሩ የታዘዙት ራሳቸው በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው የግቢው የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከመካከላቸው አንደኛዋ በሽቦው ላይ የተሰቀሉትን የፊርማ ቅጾች የት እንደምታደርጋቸው ጠይቃ ከቆሻሻው ጋር እንዲሄዱ እንደታዘዘች በማግሥቱ ነግራናለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፋይናንስ ክፍሉ ተሳታፊዎቹ በየቀኑ መገኘታቸውን የሚያሳይ የሰዓት ፊርማ እንድናቀርብ በደብዳቤ ጠየቀን። የደብዳቤው ቅጂ በእጃችን ይገኛል።

ሊፈርስ የተሠራ አይደለም እንዴ፣ ቢፈርስ ምን ያስከፋችኋል ተብለናል። ግድግዳው በዝናብ እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ክረምቱ ነበር፤ ጊዜውም እስከ መስከረም ነበር። እርጥበቱ ከሥር ሲበላው፣ ጭዱ እንደ ፀጉር ተነቅሎ ሲወጣ፣ ተሸካሚዎቹ ዛሬ የመረጉትን ነገ ሲያጡትና እንደገና ሲጀምሩት የሚታይበት ወር ገና ከፊታችን ነበር። ያ ወር የሥራው ዋና ክፍል ነው። አላፊ የሆነ ነገር ጥንቃቄ አያስፈልገውም የሚለው ግምት የመጣው ሥራውን በማየት አይመስለንም፤ ንጣፉን በማየት ነው። ንጣፉን እናጥባለን ብለን በውሉ ላይ ግዴታ ገብተን ነበር፤ ያውም በደስታ፣ ምክንያቱም ማጠቡም የሥራው አካል ነው። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሚየርል ላደርማን ዩክሊስ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃርትፎርድ ከተማ የዋድስዎርዝ ሙዚየምን ደረጃና ወለል ተንበርክካ ስታጥብ ውላለች፤ የዕለት ተዕለት የጽዳትና የጥገና ሥራ ከሥነ ጥበብ እንደማያንስ ለማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1980 ደግሞ የኒው ዮርክን የጽዳት ሠራተኞች፣ 8,500 ያህሉን፣ እየዞረች አንድ በአንድ ጨብጣ ከተማዋን በሕይወት ስላቆዩ አመስግናቸዋለች። በግቢያችሁ የሚጠርጉት እናቶች በዚያ እሑድ ላፈረሱት የተለየ ክፍያ አግኝተው እንደሆነ ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ስለ ቀረጻው በአጭሩ እንናገራለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ ወጥ ከመሆኑ በተጨማሪ መጻፉን፣ መቀረጹን ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ማግኘቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ ቀረጻው ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ የመብታችን መሠረት ነው። ማዕከሉ ግን የእኛን ካሜራ ፈቃድ የላችሁም ብሎ ከልክሎ በራሱ ባለሙያ ያስቀረጸውን እስከ ዛሬ ሊያካፍለን አልፈቀደም፤ ከዚያው ላይ የተወሰደ ፎቶግራፍ ግን የማዕከሉን ማስታወቂያ አስጊጦ አይተናል። በፎቶግራፉ ላይ ባሬላ የያዙ ሁለት ሴቶች ይታያሉ። ከሥሩ የአንዳቸውም ስም የለም፣ የሥራውም ስም የለም።

የመጨረሻው በጎ ፈቃደኛ የተባሉትን ሰዎች የሚመለከት ነው። የስብስባችን አባላት ቢያንስ ይህን ሙያ መርጠን የገባንበት ነን፤ የገንዘቡን ነገር በብድርም በትዕግሥትም እናልፈዋለን። ከሕንፃ ሥራ የመጡት ግን አንድ ቀን እኛ ዘንድ ሲውሉ የዚያን ቀን ገቢያቸውን ትተው ነው፤ ቀን የሚቆጥረው ፎርማን ደግሞ የቀረን ሰው ቦታ ለሌላ መስጠት አይቸግረውም። አንዷ በዚሁ ምክንያት የነበረችበትን ሥራ አጥታለች። የእነሱን ክፍያ ከኪሳችንና ከወዳጆቻችን በተበደርነው ሸፍነናል፤ ብድሩ አሁንም አለ። የግል ዘርፉ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ገና በተግባር ባልተወሰነበት አገር፣ ለቀን ሠራተኛ ያለው ብቸኛ ዋስትና ማታ የሚቀበለው ብር ነው። በፈቃዱ ጉልበቱን ለሚሰጥ ሰው ያለንን አክብሮት ማንም አይወስድብንም፤ ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ሰው ራሱ ፈቃደኛ ነኝ ሲል ነው እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ በሌላ ሰው መመሪያ ሲሰየም አይደለም። የማንንም ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የነሐሴው መመሪያ ተሽሮ፣ ዕቃ የማይተዉ ሥራዎች በአገልግሎት ውል የሚስተናገዱበትና ክፍያው በሥራ ክፍሉ ማረጋገጫ የሚፈጸምበት አሠራር እንዲተካ፤ መመሪያው ሲረቀቅም ሥራውን የሚሠሩ ሰዎች እንዲጠሩበት። በውላችን ላይ የሰፈረው የሥራ ዋጋ፣ ግድግዳው እስከ ፈረሰበት ቀን ድረስ ያለው ሙሉ የሥራ ሰዓት ተሰልቶ እንዲከፈለን፤ የፊርማ ቅጾቹ የጠፉት በማዕከሉ ትእዛዝ ስለሆነ የጥበቃ ክፍሉ የበር መዝገብ በማስረጃነት እንዲያዝ። በመዝገቡ ላይ የተሳታፊዎቹ መግቢያና መውጫ በየቀኑ እንደተጻፈ እናውቃለን። ለቀን ሠራተኞቹ ከኪሳችን የከፈልነው እንዲተካልን፣ የጽዳት ሠራተኞቹም የእሑዱ ክፍያ ካልደረሳቸው እንዲከፈላቸው። ማዕከሉ የያዘው ቀረጻ ሙሉ ቅጂው እንዲሰጠንና በማስታወቂያው ላይ የሚታዩት ሴቶች ፈቅደው እንደሆነ ተጠይቀው ስማቸው እንዲጻፍ። ወደፊት በሚፈረሙ ውሎች ላይ አንድ ሥራ መቼ፣ እንዴትና በማን እጅ እንደሚያበቃ የሚወስን አንቀጽ እንዲገባ፤ ለጊዜያዊ ሥራ ይህ አንቀጽ ከመክፈቻው ቀን ይልቅ አስፈላጊ ነው።

መሣሪያዎቻችንንም እንዲመለሱልን እንጠይቃለን። የከፈላችሁንን የመሣሪያ ዋጋ ለመመለስ ዝግጁ ነን፤ ባሬላዎቹ ግን ለጥቅምት ሥራ ያስፈልጉናል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩንም ከቀን ሠራተኞቹ መካከል የተወከሉ ሁለት ሰዎች አብረውን ስለሚመጡ፣ ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም በእሑድ እንዲሆንልን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር

የፐርፎርማንስና ኢንስታሌሽን ሠሪዎች ስብስብ አስተባባሪ እና ጸሐፊ
የሥራው ተሳታፊ የቀን ሠራተኞች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ የፋይናንስ ክፍል
ለማዕከሉ የንብረት ክፍል
ለማዕከሉ የጽዳት ሠራተኞች